ያንኑ ትምህርት ሁለቴ ማስተማር ማጠናከሪያ አይሆንም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራንና ወላጆች፤ ጤና ይስጥልኝ።

በአንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ደብተር ልጀምር። የመጀመሪያው ጥያቄ 52 ሲቀነስ 27 ይላል፤ ልጁ 35 ብሎ መልሷል። ሁለተኛው 81 ሲቀነስ 46፤ መልሱ 45። ሦስተኛው 64 ሲቀነስ 38፤ መልሱ 34። መምህሩ ሦስቱንም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ፣ ከላይ ዜሮ ከሦስት ጽፎ ደብተሩን መልሷል። እስቲ ቀዩን ምልክት ለጊዜው ተዉትና የልጁን እጅ ተከተሉ። በሦስቱም ላይ ያደረገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። በአንድ ቤትም ሆነ በአሥር ቤት፣ ከላይ ይሁን ከታች ሳይል፣ ከትልቁ ቁጥር ትንሹን ቀንሷል። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ከ7 ላይ 2 ቀነሰ። በራሱ ሕግ ከተለካ ልጁ አንድም ቦታ አልሳተም። የጎደለው 52 ማለት አምስት አሥሮችና ሁለት አንዶች መሆኑን፣ ከአሥሮቹም አንዱ ተፈትቶ ወደ አንድ ቤት ሊሻገር እንደሚችል ማወቅ ነው። ይህ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ያለፈው ትምህርት ነው።

ይህ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ማጠናከሪያ ይገባል እንበል። ምን ይጠብቀዋል? ጠዋት ያልገባው የክፍልፋይ ትምህርት፣ በዚያው መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው በደከመው መምህር፣ ትንሽ ዝግ ተብሎና ትንሽ ጮክ ተብሎ ይደገምለታል። እናም ክፍልፋዩ ሁለቴ ያመልጠዋል። ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ ይኸው ነው፦ ብዙዎቻችን ማጠናከሪያ እያልን የምንሰጠው ድግግሞሽ ነው። ልጁን የሚያነሳው መጽሐፉ ተዘግቶ እሱ ካለበት ቦታ የሚጀመር ሰዓት ነው።

የችግሩ ስፋት ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ ቢሆንም ቁጥሩን አንዴ ልበል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ባንክ በ2019 ባወጣው ስሌት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ፣ በ2022፣ ግምቱ ወደ 70 በመቶ ወጣ። ሕንድ ውስጥ በ2005 በመላ አገሪቱ በተደረገ ዳሰሳ ከ7 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 44 በመቶው አንድ ቀላል አንቀጽ ማንበብ፣ 50 በመቶው ቀላል ቁጥር መቀነስ አልቻሉም። ከእነዚህ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ቦርሳ አዝለው የሚሄዱ ልጆች ናቸው።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? መምህሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መጽሐፉ በዓመቱ ማለቅ አለበት፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚጠይቀው «የት ምዕራፍ ደረስክ?» ብሎ ነው፤ «ስንቱ ልጅ ያነባል?» የሚል ጥያቄ ከአፉ አይወጣም። ስለዚህ መምህሩ ከሚከተሉት ጋር ይሄዳል። ፊት ወንበር ላይ እጅ የሚያወጡት አምስትና ስድስት ልጆች የክፍሉ ሁሉ ቃል አቀባይ ይሆናሉ። የንባብ ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች ይህን አካሄድ በ1986 ሲገልጸው ከማቴዎስ ወንጌል ተውሶ ነው፤ «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና ይበዛለትማል።» የሚያነብ ልጅ በየቀኑ ሲያነብ ቃል ይጨምራል፣ ቃሉ ሲጨምር ሌላው ትምህርት ይቀልለዋል። የማያነበው ልጅ በየቀኑ ሰሌዳ ይገለብጣል። ደብተሩ ንጹሕ ነው፣ ጽሑፉም ያምራል፤ ወላጅም ይህን አይቶ ይረካል። ዴልሂ ውስጥ በ2015 በተደረገ ጥናት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ በአማካይ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን በመደበኛው ክፍል ብቻ ከተማሩት ልጆች መካከል የታችኛው ሲሶ በጥናቱ ጊዜ የሚለካ ዕድገት አለማሳየቱ ነው። ክፍል ገብቶ መውጣት ብቻ።

ከተማ ላይ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ትምህርቱ በፈረቃ ይሆናል፣ ጠዋት የወጡት ልጆች ወንበር ሳይቀዘቅዝ የከሰዓቶቹ ይገባሉ። ተከራይ ቤተሰብ በዓመቱ መሃል ሰፈር ሲቀይር ልጁም ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት የሚያውቀው የለም፣ ከየት እንደቆመ የሚናገር ወረቀትም ይዞ አይመጣም። ቤት የሚነገረውና ክፍል ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ይለያያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅና ደብተሩን ገልጦ የሚያይለት የሌለው ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። አንድ ክፍል ተብሎ የተሰየመው ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያለ ዕውቀት የታጨቀበት ቤት ነው። ለዚህ ክፍል አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ፍጥነት ስጥ የተባለ መምህር ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ሠራው ነገር ልሂድ፤ ጊዜ የምወስደውም እዚህ ላይ ነው።

በሕንዷ ሙምባይ ከተማ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት የማዘጋጃ ቤት ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ቀላል ነገር ጀመረ። ከየሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች ወጣት ሴት ይቀጥራል፤ ባልሳኪ ይሏታል። ሁለት ሳምንት ያሠለጥናታል። ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል ወደኋላ የቀሩ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ልጆች ይሰጧታል። ከአራት ሰዓቱ የትምህርት ቀን ሁለቱን ሰዓት ከክፍል ታወጣቸዋለች። ባዶ ክፍል ከተገኘ ክፍል ውስጥ፣ ካልተገኘ ሜዳ ላይ፣ ሜዳም ከሌለ ኮሪደር ላይ ታስተምራለች። የምታስተምረው የአንደኛና የሁለተኛ ክፍልን ነው፦ ቁጥር መለየት፣ መደመር፣ ቃል መጻፍ፣ አጭር አንቀጽ ማንበብ። ደሞዟ በወር ከ500 እስከ 750 ሩፒ፣ ያኔ ከ10 እስከ 15 ዶላር ነበር። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም፣ ርካሽ መፍትሔ ሁልጊዜ የሚከፍለው ሰው አለውና።

ኢኮኖሚስቶቹ አቢጂት ባነርጂ፣ ሾን ኮል፣ ኤስተር ዱፍሎና ሊ ሊንደን ሙምባይና ቫዶዳራ በተባሉት ሁለት የሕንድ ከተሞች ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ከፍለው ውጤቱን መዘኑት፤ ጥናቱ በ2007 ታተመ። የትምህርት ቤቶቹ አማካይ ውጤት በመጀመሪያው ዓመት በ0.14፣ በሁለተኛው በ0.28 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካበት አሃድ) ከፍ አለ። የሁለተኛውን ዓመት በሰው ቋንቋ ስናየው፣ 100 ልጅ ከታች ወደ ላይ ቢሰለፍ 50ኛ የነበረው 61ኛ አካባቢ ይቆማል ማለት ነው። የዕድገቱ ትልቁ ድርሻ የታችኞቹ ልጆች ነበር።

ለእኔ ከዚህ ቁጥር የሚበልጥብኝ ሌላው ግኝት ነው። ደካሞቹ ሲወጡ ክፍል ውስጥ የቀሩት ልጆች ከበፊቱ ባነሰ ቁጥር፣ በመደበኛ ሠልጥኖ በተቀጠረ መምህር ተማሩ። ምንም አልተጠቀሙም። የክፍል ጥበቱን እናስተካክል፣ ተማሪ እንቀንስ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ተማሪ ቀንሶ ያንኑ መጽሐፍ በዚያው መንገድ መንዳት ብቻውን ውጤት አላመጣም። ሁለት ሳምንት የሠለጠነችው ወጣት የበለጠች መምህር ሆና አይደለም ልጆቹን ያራመደቻቸው። ሌላ ነገር እንድታስተምር ስለተፈቀደላት ነው። መምህሩ ያንን ፈቃድ ማንም አልሰጠውም።

«ታዲያ ይህን ለመምህራኑ እናሠልጥናቸውና ራሳቸው ያድርጉት» የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ተሞክሯል። ቢሃር በተባለው የሕንድ ክልል በ2008 ክረምት የመንግሥት መምህራን ለአንድ ወር ያህል ካምፕ ከፍተው ወደኋላ የቀሩ ልጆችን በዚሁ ዘዴ አስተማሩ፤ ልጆቹ በንባብ ተሻሻሉ። ትምህርት ሲከፈት የማስተማሪያ መሣሪያውም ሥልጠናውም ለትምህርት ቤቶች ተሰጠ፤ ውጤት የለም። ያው አገር፣ ያው ዘዴ፣ መምህሩም ያው የመንግሥት መምህር። ልዩነቱ ምን ነበር? ክረምት ላይ የሚያሳድደው መጽሐፍ አልነበረም። ትምህርት ሲከፈት ግን የምዕራፍ ሩጫው ተመለሰ፣ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ኡታራካንድ በተባለው ሌላ የሕንድ ክልል ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመደቡት በጎ ፈቃደኞች ትምህርት ቤት ሲገቡ ተራ ረዳት መምህር ሆነው ቀሩ፤ እዚያም ለውጥ አልታየም። አዲስ ፕሮግራም መጥቶ በአሮጌው አሠራር ሲዋጥ ያላየ መምህር በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም።

ሃርያና በተባለው የሕንድ ክልል በ2012 እና 2013 የትምህርት ዘመን ነገሩ ተስተካከለ። ከትምህርት ቀኑ ላይ አንድ ሰዓት ተለይቶ ለዚህ ብቻ ተመደበ። በዚያ ሰዓት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች የክፍል ቁጥራቸው ቀርቶ በንባብ ደረጃቸው ይመደባሉ። መምህራኑን የሚከታተሉት የመንግሥት ሱፐርቫይዘሮች አስቀድመው ራሳቸው ክፍል ገብተው በዘዴው እንዲያስተምሩ ተደረገ። ይህን ነገር ወድጄዋለሁ፤ ጠመኔ ሳይጨብጥ ቼክሊስት የሚይዝ ተቆጣጣሪ ያስተማረው ልጅ የለምና። በቋንቋ ትምህርት 0.15 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን መሻሻል ተገኘ። ኡታር ፕራዴሽ በተባለው ክልል በቀጣዩ ዓመት የፕራታም ሠራተኞች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በጠቅላላው 50 ቀን ያህል የሆነ ካምፕ ሲያካሂዱ ደግሞ ዕድገቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ደረሰ። ሃምሳ ቀን ነው። እኛ በየዓመቱ ለፈተናና ለፈተና ዝግጅት የምናባክነው ጊዜ ስንት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለአንድ የከተማ ትምህርት ቤት የሚተርፈው ምንድነው?

መጀመሪያ ልጁን ማወቅ። ለዚህ የጽሑፍ ፈተና አይረዳም፤ የማያነብ ልጅ በጽሑፍ ሲፈተን ከጎኑ ካለው ይቀዳል ወይም ባዶ ይመልሳል፤ ሁለቱም ስለ ልጁ አይነግሩንም። በሕንድ ዳሰሳ የሚሠራበት መንገድ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ነጠላ ፊደሎች፣ ቀላል ቃላት፣ የአንደኛ ክፍል ደረጃ አጭር አንቀጽና የሁለተኛ ክፍል ደረጃ ታሪክ አሉ። ልጁ ብቻውን ይቀርብና አንቀጹን አንብብ ይባላል። ካነበበ ወደ ታሪኩ፣ ካቃተው ወደ ቃላቱ፣ እሱም ካቃተው ወደ ፊደሎቹ ይወርዳል። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፊደሎቹ በተራ ተደርድረው መጻፍ የለባቸውም። በዜማ ከዳር እዳር የሚወጣቸው ልጅ ጣታችሁ ከመሃል አንዱ ላይ ሲያርፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቆጥሮ ካልደረሰበት አያውቀውም። ይህን ልጅ አራተኛ ክፍል ላይም ታገኙታላችሁ።

ከዚያ መመደብ። አምስተኛ ክፍል ያለው ፊደል የማይለይ ልጅ ከሦስተኛ ክፍል ፊደል ከማይለዩት ጋር ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ። «ልጆችን መከፋፈል አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፤ የሚገባ ጥያቄ ነው። ኬንያ ውስጥ በ2005 በተጀመረ ጥናት ከመቶ በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች ግማሾቹ በውጤታቸው፣ ግማሾቹ በዕጣ ተከፍለው ነበር፤ በውጤት በተከፈሉበት ቦታ ታችኞቹም ላይኞቹም ተጠቀሙ፣ መምህሩ ትምህርቱን ለፊቱ ላለው ልጅ ማስተካከል ስለቻለ። ያም ሆኖ እኔ ቀኑን ሙሉ መለየትን አልደግፍም። ስድስት ሰዓት ሙሉ «የደካሞቹ ክፍል» ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ከትምህርቱ በፊት ስሙን ይማራል። የአንድ ሰዓት ምድብ ግን ልጁ በየወሩ እየተመዘነ የሚወጣበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ቡድኑንም በደረጃው አትጥሩት፤ የፈለጋችሁትን ስም ስጡት። ሰዓቱም ስፖርትና ሥዕል ከሚማሩበት ላይ አይነጠቅ፤ ማንበብ የማይችል ልጅ ሰው የሚሆንበት ክፍለ ጊዜ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ማስተማሩስ? መቀነሱን እንውሰድ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ፊት በላስቲክ የታሰሩ አምስት የእንጨት እስሮች አሉ፤ በአንዱ እስር ውስጥ አሥር እንጨት። ከጎናቸው ሁለት ነጠላ። «ስንት ነው?» «ሃምሳ ሁለት!» «ሰባት አንሱልኝ።» ልጁ ሁለቱን ነጠላ ያነሳና ይቆማል። ግራ ቀኝ ያያል። እዚህ ላይ የአስተማሪው ሥራ ዝም ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ዝምታ አይሆንልንም። ትንሽ ቆይቶ ከልጆቹ አንዷ ላስቲክ ትፈታለች። «መፍታት ይቻላል እንዴ?» ይላል ጎረቤቷ፣ እንደ ማጭበርበር ቆጥሮት። ይቻላል። ከተፈቱት አሥር አምስት ይነሳሉ፤ አራት እስርና አምስት ነጠላ ቀረ። «አሁን ደግሞ ሃያ አንሱ።» ሁለት እስር ይሄዳል። ሃያ አምስት። ይህ ለጥቂት ቀን በእንጨት ብቻ ከተደጋገመ በኋላ፣ ላስቲክ መፍታቱ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ማሳየት ቀላል ነው፤ ልጁ የሚጻፈውን ነገር አስቀድሞ በእጁ አውቆታል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ግን ዓመት ሙሉ ብንሠራ እዚህ አንደርስም።

ሰዓቱ በትምህርት ቀን ውስጥ ይሁን እላለሁ። ከትምህርት በኋላ ሲሆን የሚመጡት ባይመጡም የማይጎዱት ናቸው። ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች በተከፈተ የሰፈር ንባብ ክፍል የተገኙ ልጆች በእርግጥ ተሻሻሉ፤ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች የተገኙት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ፈረቃ ያለበት ትምህርት ቤት ሰዓት ከየት ያምጣ? መልሴ አያስደስትም፤ ከመጽሐፉ ላይ ይቀነስ። የማያነብ ልጅ ከሳይንስ ምዕራፍ ላይ የሚያጣው እኛ እንደሚመስለን ብዙ አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ምዕራፍ ለመሸፈን ስንሮጥ ንባቡን ከእጃችን የጣልን እኛ ነን።

ስለ ኮምፒውተር ደጋግሜ ስለምጠየቅ በአጭሩ። ቫዶዳራ ውስጥ የአራተኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር፣ እንደየአቅማቸው የሚከብድና የሚቀል የሒሳብ ጨዋታ ተጫወቱ፤ በሁለተኛው ዓመት የሒሳብ ውጤታቸው በ0.47 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ከፍ አለ። ከባልሳኪዋ ይበልጣል። ወጪው ግን ለአንድ ልጅ በዓመት 15 ዶላር ገደማ ሲሆን የእሷ 2.25 ዶላር ነበር። ኮምፒውተሮቹ ደግሞ ቀድሞውኑ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ሥራ ፈተው ተቀምጠው ነው የተገኙት። ጨዋታው ካልተጨመረበት ዕቃው ብቻውን ዕቃ ነው።

ወላጆች «እኔ ያልተማርኩ ምን ልርዳው?» ይላሉ። ቦትስዋና ውስጥ በ2020 ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስተማሪዎች በሳምንት አንዴ ለ20 ደቂቃ ያህል ስልክ እየደወሉ ለወላጅና ለልጅ አንድ የሒሳብ ጥያቄ አብረው ይሠሩ ነበር፤ ልጆቹ ተሻሻሉ። ወላጅ መምህር እንዲሆን አልተጠየቀም፤ ስልኩን ይዞ ከልጁ ጎን እንዲቀመጥ እንጂ።

የሚያሳስበኝን ሳልነግራችሁ አልወርድም። ሙምባይና ቫዶዳራ ላይ ልጆቹ ከፕሮግራሙ ወጥተው አንድ ዓመት ሲሞላቸው ያገኙት ብልጫ ወደ 0.1 ገደማ ወርዶ ነበር። የንባብ ተመራማሪዋ ማሪ ክሌይ በ1970ዎቹ ኒውዚላንድ ውስጥ የጀመረችው፣ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በየቀኑ 30 ደቂቃ ለ12 እስከ 20 ሳምንት አንድ መምህር ለአንድ ልጅ ሆኖ የሚሰጠው የንባብ ድጋፍም በመጀመሪያ ትልቅ ውጤት አሳይቶ፣ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ይፋ በሆነ ክትትል ልጆቹ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ድጋፉን ካላገኙት መሰሎቻቸው ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ማብራሪያው ብዙ ነው፣ ክርክሩም አላለቀም። እኔ የምጠረጥረው አንዱ ምክንያት ግን ይህ ነው፤ ልጁን አንስተን የምንመልሰው ወደዚያው ወደጣለው ሩጫ ነው፤ «አልፏል» ተብሎ ስሙ ከዝርዝር ይፋቃል፣ ተቀባዩ መምህርም ልጁ የት እንደነበር አያውቅም። የውጤት ካርዱ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ይናገራል፣ አንቀጽ ያነብ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ስለዚህ ርዕሳነ መምህራንን የምለምናችሁ ወጪ የሌለውን ነገር ነው። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለ እያንዳንዱ ልጅ በቃል ይመዘን፤ በዓመቱ መሃል የገባ አዲስ ልጅም በገባበት ሳምንት። ውጤቱ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ ወይም ታሪክ ተብሎ ካርዱ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍና ልጁ ክፍልም ሆነ ትምህርት ቤት ሲቀይር አብሮት ይሂድ። ከማጠናከሪያ የወጣ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት ይታይ፤ ሲንሸራተት ከተገኘ ያለ ደብዳቤና ያለ ስብሰባ በማግስቱ ወደ ቡድኑ ይመለስ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ወንበር ብንጀምር ደስ ይለኛል።